«በፈለግሁ ጊዜ አቆመዋለሁ»



ለሚያጨስ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስለ ሳንባ ካንሰር ብትነግሩት ብዙም አይደነግጥም። ለምን ይደንግጥ? ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና ማትሪክ እንኳ አልተፈተነም። መልሱም የታወቀ ነው፦ «በፈለግሁ ጊዜ አቆመዋለሁ።» ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህች ቃል ነው። ብዙውን ልጅ ይዛ የምታስቀረው እርሷ ናትና።

እስቲ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ጭሱ ሳንባ ሲገባ በውስጡ ያለው ኒኮቲን ከደም ጋር ተቀላቅሎ በ20 ሰከንድ ገደማ አንጎል ይደርሳል። እዚያም ዶፓሚን የሚባለውን የደስታ ስሜት የሚሰጥ ኬሚካል ያስለቅቃል። ደስ ይላል፤ አእምሮም የነቃ ይመስላል። ታዲያ ይህ ሲደጋገም አንጎል ራሱን ይለውጣል፤ ኒኮቲን የሚቀበልባቸውን በሮች ያበዛል። በሮቹ ባዶ ሲሆኑ ልጁ ይነጫነጫል፣ ሐሳቡ ይበተናል፣ ትምህርቱ አልገባ ይለዋል። አንድ ፍሬ ለኮሰ፣ ተረጋጋ። «ሲጋራ ጭንቀቴን ያቀልልኛል» ይላል። ልብ በሉ! ያቀለለለት ሲጋራው ራሱ ያመጣበትን ጭንቀት ነው። ቀን ቤትህን ሰብሮ የሰረቀህ ሌባ ማታ መጥቶ ግማሹን ቢመልስልህ «ደግ ሰው ነው» ትለዋለህ እንዴ?

በወጣት ላይ ደግሞ ይብሳል። የሰው አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ ድረስ እየበሰለ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የሚበስለው የፊተኛው ክፍል ሲሆን፣ ሥራው ውጤትን ማመዛዘንና ስሜትን መግታት ነው። እንግዲህ ልጁ ሲጋራ የሚጀምረው ሞተሩ ተነሥቶ ፍሬኑ ገና ሳይጠብቅ ነው ማለት ነው። በየቀኑ ማጨስ ሳይጀምሩ የሱስ ምልክት የሚታይባቸው ልጆች አሉ። በአሜሪካ በየቀኑ ከሚያጨሱ 10 አዋቂዎች 9 ያህሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከሩት 18 ዓመት ሳያልፋቸው ነው። እነርሱም እኮ «እናቆመዋለን» ብለው ነበር የጀመሩት።

ጉዳቱስ ቢሆን ሁሉም እስከ እርጅና የሚጠብቅ አይደለም። የወጣት ሳንባ ገና እያደገ ነው፤ ጭስ እድገቱን ያዘገየዋል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ኳስ የሚጫወት ልጅ ጓደኞቹ ሲሮጡ እሱ ጉልበቱን ይዞ የሚያለከልከው፣ መዘምራን ውስጥ ያለችው እህት ረጅሙን ዜማ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ የሚያቅታት፣ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

«እኔ ሲጋራ አላጨስም፤ ሺሻ ብቻ ነው» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጥበውም። ለአንድ ሰዓት ሺሻ ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ ውስጥ የሚስበው ጭስ ከአንዲት ሲጋራ ጭስ ከ100 እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ከሰሉ የሚያወጣው ጋዝም ተጨማሪ ነው። ለጥናት ብሎ ጫት የጀመረም ከምርቃናው ጋር ሲጋራውን ያስከትላል፤ ሁለቱ ተጠራርተው ነው የሚሄዱት።

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ሱቅ በደረቴው በፍሬ ሲሸጥ መታወቂያ ሲጠይቅ ያየ ማነው?

ደስ የሚለው ወሬ ግን እውነተኛ ነው። በእንግሊዝ አገር በሐኪሞች ላይ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ50 ዓመት በተደረገ ክትትል፣ ሳያቋርጡ ያጨሱት ከማያጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው ሞተዋል። በ30 ዓመታቸው ገደማ ያቆሙት ግን ያን ዕድሜ ከሞላ ጎደል መልሰው አግኝተውታል። እንግዲህ የ17 ዓመቱ ልጅ ምን ያህል ዕድል እንዳለው አስቡት። ስታቆም ብዙውን ጊዜ የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ናቸው፤ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። አምሮቱ ሲመጣም በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፤ ውኃ ጠጣ፣ ከቤት ውጣና ተራመድ፣ ጸልይ፣ ለአንድ ሰው ደውል።

አንድ ነገር ለወላጆችና ለቤተ ክርስቲያን መሪዎች። ብዙ ጊዜ «ኃጢአት ነው» ይባልና ወሬው እዚያ ያበቃል። ልጁም ማስቲካ እያኘከ፣ ሎሚ እያሸተተ መደበቅ ይለምዳል። የተደበቀ ልጅ ደግሞ እርዳታ አይጠይቅም። ስለዚህ ኪሱን ከመፈተሽ በፊት ቁጭ በሉና በእርጋታ ጠይቁት፦ «ጠዋት ከተነሣህ በኋላ የመጀመሪያዋን የምታጨሰው መቼ ነው?» መልሱ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከሆነ ሱሱ ጠንክሯል፤ ቁጣ ሳይሆን ሐኪም ያስፈልገዋል። ጤና ጣቢያ አብራችሁት ሂዱ።