አምፔሩ ልክ ነው፤ ሞተሩ ግን ነደደ

ሞተሩ ጠምጣሚው ቤት ሲመጣ ይህ ሁለተኛው ነው። የፕላስቲክ ቱቦ የሚያወጣ ኤክስትሩደር የሚያዞር፣ ታርጋው ላይ 22 ኪሎ ዋት የተጻፈበት። ክዳኑ ሲከፈት ያ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ቤቱን ሞላው።

የአዲስ አበባ ሞተር ጠምጣሚዎች የነደደ ኮይል አይተው ምን እንደገደለው ያውቃሉ። አንድ ፌዝ ጠፍቶበት የሠራ ሞተር ከፊሉ ከስሎ ከፊሉ አዲስ መስሎ ይቀራል። ኸርዙን እየቀየረ የሞተርን ፍጥነት ከሚወስነው መሣሪያ፣ ከድራይቭ፣ የሚመጣ የቮልቴጅ ምት የገደለው ደግሞ ጉዳቱ አንዲት ቦታ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ መስመሩ በሚገባበት ኮይል ላይ ሽቦ ከሽቦ ይበሳሳል። ይኼኛው ግን ሦስቱም ፌዝ ዙሪያውን እኩል ጠቁሯል።

«ጭነት በዝቶበታል» አሉ ጠምጣሚው።

«አልበዛበትም፣ ጋሼ። ይኸው ይዩት» አለ የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን፣ የድራይቩን ማሳያ ያነሳበትን ስልክ እያቀበላቸው። አምፔሩ ታርጋው ላይ ካለው ያነሰ ነው። ድራይቩም በኦቨርሎድ አንድ ቀን ጥሎ አያውቅም።

እሳቸው ግን ዓይናቸው ያረፈው ከአምፔሩ ጎን ባለው ቁጥር ላይ ነበር፦ 15 ኸርዝ።

«ቀኑን ሙሉ በዚህ ነው የምታሠሩት?»

«አዎ፣ ወፍራሙን ቱቦ ስናወጣ።»

ሽማግሌው ተነሥተው የሞተሩን የኋላ ሽፋን ፈቱና ማራገቢያውን በጣታቸው አዞሩት። የተሰካው እዚያው ሻፍቱ ላይ ነው፤ የራሱ ኃይል የለውም። ሞተሩ በ50 ኸርዝ ሲዞር እሱም አብሮ ይፈጥናል፣ በ15 ኸርዝ ሲዞር ግን ከሦስት አንዱን ፍጥነት እንኳ አያገኝም፤ የሚገፋው አየርም በዚያው ልክ ይወርዳል። ሙቀቱ ግን አብሮ አይወርድም። የኤክስትሩደሩ ስክሩ ቀስ ብሎም ሲዞር ፕላስቲኩን የሚገፋበት ጉልበት ብዙም አይቀንስም፤ ጉልበት አምፔር ይጠይቃል፣ አምፔር ሽቦውን ያሞቃል። አምፔር ብቻ የሚቆጥር ኦቨርሎድ የአየሩን ማነስ በምን ይወቀው?

ፓምፕ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ተሸፋፍኖ ይቀር ነበር። የተለመደው ፓምፕ ፍጥነቱ ግማሽ ሲሆን የሚፈልገው ጉልበት ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ነፋሱ ቢያንስም ሙቀቱ አብሮ ያንሳል። ድራይቭ በፓምፕ ላይ ያገኘው ጥሩ ስም ነው ኮንቬየርና ኤክስትሩደር ላይ ሰውን የሚያዘናጋው።

ያም ሆኖ ሞተሩ ወዲያው አለመቃጠሉ፣ ወራት ሠርቶ መንደዱ ለምንድን ነው? ለዚህ መልስ የሚሰጠው ሥራ የተጀመረው በሞተር ሳይሆን በትራንስፎርመር ነው። የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ሞንትሲንገር እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው ጥናት፣ ሙቀቱ በ8 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር የኢንሱሌሽኑ ዕድሜ በግማሽ እንደሚያጥር አሳየ። ምክንያቱን በ1948 ያብራራው ሌላው ተመራማሪ ዳኪን ነው፦ የኢንሱሌሽን እርጅና ኬሚካዊ ለውጥ ነው፤ ፍጥነቱም ኬሚስቱ አርሄኒየስ በ1889 ባወጣው ሕግ ይመራል። ዛሬ ባለሙያው 8ን ወደ 10 አጠጋግቶ ይሠራበታል። ታርጋው ላይ «ኤፍ» የተባለ ኢንሱሌሽን በ155 ዲግሪ 20,000 ሰዓት ገደማ እንዲቆይ ይታሰባል። 175 ቢደርስ 5,000 ሰዓት ይቀረዋል፤ ሌት ተቀን ለሚሠራ ማሽን ሰባት ወር እንኳ አይሞላም።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል። የሞተር ታርጋ የሚጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ አካባቢያዊ ሙቀት ታስቦ ነው። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ አየሯ ከባሕር ጠለል አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያንሳል። እርግጥ ነው ደጅ ላለ ሞተር የአገሩ ቅዝቃዜ ጉድለቱን ያካክሳል። ፕላስቲክ ከሚያቀልጥ በርሜል ጎን ለተተከለ ግን ምን ቅዝቃዜ አለ?

ጠምጣሚው አዲሱን ጥምጥም ሲሠሩ በሦስቱም ፌዝ ውስጥ ቴርሚስተር ቀበሩ፤ ገመዱ ድራይቩ ላይ ሲታሰር ድራይቩ የሚጠብቀው አምፔርን ብቻ ሳይሆን ሙቀቱንም ይሆናል። ከሞተሩ ኋላ ደግሞ የራሱ ሞተር ያለው ብሎወር ተገጠመ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ የብሎወሩ መብራት መምጣት ያለበት ከዋናው መስመር ነው። ከድራይቩ መውጫ ከተወሰደ እሱም በ15 ኸርዝ ይዞራል፣ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ብሎወር የማይመች ከሆነ ፑሊውን ወይም ጊርቦክሱን ቀይሮ ያንኑ የማሽን ፍጥነት ሞተሩ ወደ 50 ኸርዝ ተጠግቶ እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል። ትልቅ ሞተር ገዝቶ ከአቅሙ በታች ማሠራትም ሌላ መንገድ ነው፤ ውድ ነው እንጂ። ለነባር ሞተር ድራይቭ ልትገዙ ያሰባችሁ ግን አስቀድማችሁ የሞተሩን አምራች አንድ ግራፍ ጠይቁ፦ በየትኛው ኸርዝ ስንት በመቶ ጭነት ይችላል የሚለውን።