ከክረምቱ በፊት፦ ሁለት አዲስ ጎማ ወይስ አራት ያገለገለ?

አውሮፓ የሚኖር ዘመድ ካላችሁ በዓመት ሁለቴ ጎማ እንደሚቀይር ሳትሰሙ አትቀሩም። ለበረዶው ሌላ፣ በረዶው ሲሄድ ሌላ። እኛ ይሄ ጣጣ የለብንም። አዲስ አበባ በረዶ አስፋልት ላይ የሚከርምባት ከተማ አይደለችም፤ አንዴ የተገጠመ ጎማ መስከረምንም ሐምሌንም ያያል።

ይሄ ነገሩን ቀላል ያስመስለዋል እንጂ ቀላል አያደርገውም። ያው አንድ ጎማ የመጋቢትን ፀሐይ፣ የነሐሴን ጎርፍ፣ የጎሮን ኮብልስቶንና የአዳማን ፈጣን መንገድ በየተራ ሊችል ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካው መዳፍ በምታክል ቦታ ብቻ ነው። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ከነተሳፋሪው የሚቆመውም የሚታጠፈውም በአራት መዳፍ ነው ማለት ነው።

የአጎቴ ልጅ ቪትዝ ይዞ ራይድ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ቦሌ፣ ገርጂ፣ ሳሚት፣ ሲኤምሲ፣ አያት ሲል ይውላል። ግንቦት መጨረሻ ላይ ደውሎ፣ “አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃል አይደል? እስኪ ይሄን አስላልኝ” አለኝ። የፊት ጎማዎቹ ሊሾ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። በእጁ ያለው ብር ወይ ሁለት ደህና አዲስ ጎማ ይገዛል፣ ወይ አራት ያገለገለ። ዕቁቡ የሚደርሰው ነሐሴ ላይ ነው። ዝናቡ ደግሞ ነሐሴን አይጠብቅለትም።

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። ጎማ በአብዛኛው በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያው ዓመት ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ሁለቱን ስታገናኟቸው፣ ያለችው ቪትዝና ያለችው ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት መንገድ ላይ ትቆያለች፤ ጎማዋም በየጊዜው ይቀየራል፤ በተቀየረ ቁጥርም ኪስ ይነካል።

እንግዲህ ወደ ስሌቱ። ቁጥሮቹን ለሒሳብ እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ፤ የዕለቱን ዋጋ ከሱቅ ጠይቃችሁ በራሳችሁ ቁጥር ተኩበት።

ያገለገለው አንዱ 6,000 ብር ነው እንበል፣ 15,000 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። በኪሎ ሜትር 40 ሳንቲም መጣ። ደህናው አዲስ 12,000 ብር ነው እንበል፣ 50,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በኪሎ ሜትር 24 ሳንቲም። በወር 2,500 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው አራት ያገለገለ ቢገጥም በስድስት ወሩ ተመልሶ ጎሚስታ ጋ ነው። 50,000 ኪሎ ሜትር እስኪሞላ ድረስ ለጎማ ብቻ 80,000 ብር ያወጣል። አራቱንም አዲስ ቢገዛ ኖሮ 48,000 ብር ይበቃው ነበር። 32,000 ብር የሚበልጠው ‹ርካሹን› ስለመረጠ ነው። መንገድ ዳር ጎማ ሲያስለጥፍ ያመለጡትን ደንበኞች ገና አልቆጠርንም።

ድህነት ውድ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ትርፍ ያለው ምርጫ መጀመሪያ ላይ ብዙ ብር ይጠይቃል፤ ያ ብር የሌለው ሰው በትንሽ በትንሹ የበለጠ ይከፍላል።

ግን ስሌቱ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም። ከሲኤምሲ ቦሌ ቢሮ ደርሶ የሚመለስ ሰው በቀን 20 ኪሎ ሜትር ቢነዳ በዓመት 6,000 አካባቢ ነው። ለእሱ 50,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጎማ ማለት ከስምንት ዓመት በላይ ማለት ነው። ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ያረጃል። ስለዚህ ለረጅም ዕድሜ ተጨማሪ ብር ከመክፈል 30,000 የሚሄድ፣ ነገር ግን እርጥብ አስፋልት ላይ በደንብ የሚይዝ መካከለኛ ጎማ ቢገዛ ይሻለዋል። አምስት ዓመት ያገለግለዋል፣ ይበቃል። ጎማ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት በዓመት ስንት እንደምትነዱ እወቁ የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ የጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን እናንብብ። 175/65 አር 14 82 ቲ የሚል አያችሁ እንበል። 175 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግራችኋል። 14 የቸርኬው መጠን ነው፣ በኢንች። 82 አንዱ ጎማ 475 ኪሎ መሸከም ይችላል ማለት ነው፤ ‹ቲ› ደግሞ እስከ 190 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ለመኪናችሁ የተፈቀደው መጠን በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። አሁን የተገጠመውን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ያገኘውን ገጥሞ ሊሆን ይችላል። የመሸከሚያው ቁጥር ከተጻፈው በታች እንዲሆን ደግሞ በፍጹም አትፍቀዱ።

ቀጥሎ ዕድሜው። ‹ዲኦቲ› ከሚሉት ፊደሎች በኋላ ከሚመጣው ኮድ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥሮች አሉ። 1624 ካለ በ2024 16ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 2016። እዚህ ጋ ንቁ! ኮዱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ17 የሚያልቅ ኮድ አይታችሁ “የ2017 ነው፣ አዲስ ነው” ካላችሁ ተሸወዳችሁ። የእኛ 2009 ወይም የ2010 መጀመሪያ ነው። መኪና ላይ ተገጥሞ ባያውቅም ዓመታት አልፈውታል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ፀሐይዋ ጠንካራ ነው፤ ሱቅ ደጃፍ ተደርድሮ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ላስቲክ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ብዙ አምራቾች ጎማ አምስት ዓመት ካለፈው በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፣ ጥርስ ቢኖረውም ከአሥር ዓመት አይለፍ ይላሉ። ኮዱ ለመከራከርም ይጠቅማችኋል፤ ቆየት ላለ ጎማ የአዲስ ዋጋ አይከፈልም።

ብዙ ጎማዎች ላይ ሦስት ተጨማሪ ምልክቶች ታገኛላችሁ። ‹ትሬድዌር› የሚለው ቁጥር ትልቅ በሆነ መጠን ጎማው ቀስ ብሎ ያልቃል። ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ የአንድን ብራንድ ጎማዎች እርስ በርስ ለማወዳደር ይሻላል። ‹ትራክሽን› እርጥብ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ፍሬን ሲያዝ ያለውን አያያዝ ያሳያል፤ ደብል ኤ ከሁሉ ይበልጣል፣ ሲ ከሁሉ ያንሳል። ‹ቴምፕሬቸር› ሙቀትን መቋቋሙ ነው፤ ኤ ይሻላል። ጃፓን ይሁን ኮሪያ፣ ቻይና ይሁን እዚሁ የተመረተው ሆራይዘን አዲስ፣ ከስሙ በፊት እነዚህን እዩ። ሲ ትራክሽን ያለው ጎማ በርካሽ ቢሰጧችሁም ለሐምሌ አይሆንም።

አንድ የማይጠበቅ ወጥመድ አለ። ከቀዝቃዛ አገር የመጡ ያገለገሉ ጎማዎች አንዳንዴ የበረዶ ጎማ ሆነው ይገኛሉ። ጎናቸው ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ ውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ምልክት አላቸው። ጥርሳቸው ጥልቅ ስለሆነ ያጓጓል። ላስቲካቸው ግን የተሠራው ከ7 ዲግሪ በታች ለሆነ ብርድ ነው። የቦሌ ቀን ሙቀት ከዚያ በጣም ይበልጣል፤ ስለዚህ ይለሰልሳሉ፣ ቶሎ ያልቃሉ፣ ፍሬን ሲያዝም እንደ መደበኛው አይይዙም። ምልክቱ ዓመቱን ሙሉ ለመነዳት በተሠሩ ጎማዎች ላይም ስለሚገኝ የጎማውን ሞዴል ስም ስልካችሁ ላይ ፈልጉ፤ የበረዶ ከሆነ ተዉት።

ስለ ያገለገለ ጎማ ካነሳን አይቀር፣ ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል ኢኮኖሚስት በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ የጻፈው ጥናት በኋላ ኖቤል አሸልሞታል። ሐሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ሻጩ የዕቃውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለሚጠራጠር ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል፤ ደህና ዕቃ ያለው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ላይ መጥፎው ይበዛል። ያገለገለ ጎማ ከዚህ የባሰ ነው። ጥቁር ቀለም ይቀባል፣ ያለቀውም በጋለ ቢላ ጥርስ ይወጣለታል። ግድ ከሆነባችሁ ቸርኬ ላይ ሳይወጣ ውስጡን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ትልቅ ልጣፍ፣ የተቆረጠ ክር፣ ጎኑ ላይ እብጠት ካለ ተመለሱ። የተለጠፈ ጎን አይታመንም።

መቼ ነው የሚቀየረው? በጥርሶቹ መሐል ባለው ቦይ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ ከእነሱ እኩል ከሆነ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቶታል፤ ጎማው አልቋል። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ አለው። ለክረምት ግን 3 ሚሊ ሜትር ላይ መቀየሩ ይመከራል። የጥርሱ ሥራ ውሃ ማስወጣት ነው። ማስወጣት ካቃተው ጎማው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ መሪ ብታዞሩ፣ ፍሬን ብትይዙ መኪናው አይሰማችሁም። በኮሪደር ልማቱ የታደሰው የቦሌ–መገናኛ መንገድ ለስላሳ ነው፣ ሰው ፍጥነት ይጨምራል፤ ወደ ሰፈር ሲታጠፍ ደግሞ እርጥብ ኮብልስቶን ይቀበለዋል። ከሁሉ የሚከፋው የመጀመሪያው ካፊያ ነው። ለወራት የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ሲቀላቀል አስፋልቱ ሳሙና ይሆናል።

ወደ አጎቴ ልጅ ልመለስ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ አየናቸው። የቪትዝ ጉልበት ፊት ነው፣ ስለዚህ ቀድሞ የሚያልቀው የፊቱ ነው። የኋላዎቹ 4 ሚሊ ሜትር ያህል አላቸው፣ ዕድሜያቸውም ገና ነው። መልሱ ከዚያ መጣ፦ ሁለት አዲስ ግዛ፣ የፊቱን ሁለት ጣል፣ ነሐሴ ላይ ዕቁቡ ሲደርስ ቀሪውን ሁለት። አዲሶቹ ኋላ ይገጠሙ፣ የኋላዎቹ ወደ ፊት ይምጡ አልኩ።

ጎሚስታው ሳቀ። “ወንድሜ፣ የሚጎትተው የፊቱ ነው እኮ። አዲስ ጎማ ኋላ አስቀምጦ ምን ሊሠራ ነው?”

የአጎቴ ልጅም ከእሱ ጋር ሆነ። “ፍሬኑም በብዛት ፊት ነው የሚይዘው” አለኝ።

ሁለቱም ያሉት እውነት ነው። ግን ትልልቆቹ የጎማ አምራቾች ሁለት ብቻ ስትገዙ ኋላ ግጠሙ የሚሉት በምክንያት ነው። እርጥብ መንገድ ላይ የፊቱ ቢንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ነዳጅ ስትለቁ፣ ፍጥነት ሲቀንስ ይመለሳል። የኋላው ቢለቅ ግን ጅራቱ ይዞራል፤ ያንን ለመመለስ አብዛኛው ሾፌር ጊዜም ልምድም የለውም። ይህን ስነግራቸው ጎሚስታው ትንሽ አሰበና፣ “ባለፈው ክረምት ቀለበት መንገድ ላይ ዞሮ አጥር የመታ ደንበኛ ነበረኝ” አለ። ክሪኩን ወደ ኋላ ወሰደው።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም ከዚህ አታመልጡም። እንዲያውም መኪናችሁ በባትሪው ምክንያት ከባድ ነው፣ ሲነሳም ጉልበቱ ወዲያው ነው የሚመጣው፤ ጎማ ቶሎ ይበላል። ቦሌን የሞላው ቮልስዋገን አይዲ 4 ደግሞ የፊትና የኋላ ጎማው ስፋት ይለያያል፦ በ19 ኢንች ቸርኬ ፊቱ 235፣ ኋላው 255። የፊቱን ወደ ኋላ እያቀያየሩ ዕድሜ ማራዘም አይቻልም። የመሸከሚያ ቁጥሩንም ከቤንዚን መኪና ጎማ ጋር እንዳታምታቱት።

ከተገጠመ በኋላ ባላንስና አላይመንት አይዘለል፤ ጉድጓድ የመታ መኪና አላይመንቱ ከተዛባ የ50,000 ኪሎ ሜትሩን ጎማ ባንድ ጎኑ ይበላዋል። አየሩን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ። ከጃፓን የመጣ መኪና በር ላይ 230 ኪሎ ፓስካል የሚል ካያችሁ 33 ፒኤስአይ ያህል ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛው ግፊት የመጨረሻ ጣሪያው ነው፤ እስከዚያ አይሞላም። ስኮርታችሁንም አስለኩ፤ የሚፈለገው ብዙ ጊዜ ማታና በዝናብ ነው።

ዛሬ ማታ መኪናችሁ ጋ ስትደርሱ ስልካችሁን አውጡና ሦስት ፎቶ አንሱ፦ የበሩን ወረቀት፣ የጎማውን መጠን፣ አራቱን የዕድሜ ቁጥሮች። በባትሪው ጥርሱን አብሩበት። ፎቶዎቹን ለሦስት ሱቅ በቴሌግራም ልካችሁ ዋጋ፣ የምርት ሳምንትና ትራክሽን ጠይቁ። ሦስቱን በጽሑፍ የማይመልስላችሁ ሻጭ ጋ አትሂዱ።