የዶርም ዋይፋይ ለምን ይንቀራፈፋል?

ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ በዩኒቨርሲቲ ዶርሞች የማይጠፋ እሮሮ አለ፦ የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው፣ ገጹ ግን አይከፈትም። ተማሪው አይሲቲ ክፍሉን ይወቅሳል፤ አይሲቲ ክፍሉ ደግሞ ፊልም የሚያወርዱትን። ብዙው ተማሪ ሳያነበው የሚፈርምበት የኢንተርኔት አጠቃቀም ደንብም አለ። የግል ራውተር መሰካት፣ ፓስዎርድን ለሌላ ሰው መስጠት፣ ቶረንት መጠቀም ክልክል ነው ይላል። ደንቡ ክልከላውን እንጂ ምክንያቱን ስለማይነግረው ተማሪው እንደ ፕሮክተር ቁጣ ቆጥሮት ያልፋል። ይህ ያሳዝናል፤ ምክንያቱ ቢነገረው አብዛኛውን ክልከላ ራሱ ይደግፈው ነበርና።

ከአየሩ እንጀምር። ዋይፋይ ሬዲዮ ነው። በመሠረቱ በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ሁለት ስልኮች እኩል ከላኩ መልእክቶቹ ይጋጩና ሁለቱም ይበላሻሉ። ይህን ችግር ቀደም ብለው የተጋፈጡትም የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በተለያዩ ደሴቶች ላይ ያሉትን የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከዋናው ኮምፒውተር ጋር በሬዲዮ ለማገናኘት አሎሃኔት የተባለውን ኔትወርክ ሥራ አስጀመሩ። አሠራሩ ቀላል ነበር፦ መልእክት ያለው ይልካል፤ ከተጋጨበት ጥቂት ቆይቶ ይደግማል። ሒሳቡ ሲሠራ ግን በዚህ አካሄድ ቻናሉ ቢበዛ ከአቅሙ 18 በመቶውን ብቻ ለፍሬያማ ሥራ እንደሚያውል ታየ። የቀረው በግጭትና በዝምታ ይባክናል።

እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የዋይፋይ ደረጃ ከዚያ ተምሯል። መሣሪያው ከመላኩ በፊት ያዳምጣል፤ ቻናሉ ከተያዘ ይጠብቃል፤ ሲለቀቅም ወዲያው አይነሳም፣ በዕጣ የደረሰውን አጭር ጊዜ ቆጥሮ ነው የሚልከው። ዘዴው ግሩም ነው፤ ሆኖም መጠበቁም ጊዜ ይበላል። በአንድ ክፍል ስድስት ተማሪዎች ቢኖሩ፣ እያንዳንዳቸውም ስልክና ላፕቶፕ ቢይዙ፣ ሃያ ክፍል ባለው አንድ ወለል ላይ 240 መሣሪያዎች ተራ ይጠብቃሉ ማለት ነው። ሙሉ ምልክት የሚነግረን ከዋይፋዩ አንቴና ጋር በደንብ እንደምንሰማማ ነው፤ ተራ መቼ እንደሚደርሰን አይነግረንም።

ከዚህ የባሰ ግን ብዙም የማይታወቅ ነገር አለ። በመደበኛው አሠራር ተራ የሚከፋፈለው በመልእክት ብዛት እንጂ በጊዜ ርዝመት አይደለም። ከአንቴናው የራቀ ወይም በወፍራም ግድግዳ የተጋረደ ስልክ መልእክቱ እንዳይበላሽ ፍጥነቱን ይቀንሳል። 1,500 ባይት የያዘ አንድ የመረጃ ጥቅል በሴኮንድ 11 ሜጋቢት ፍጥነት ለመላክ ከ1 ሚሊሴኮንድ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ በ1 ሜጋቢት ግን 12 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል። በካፌ ሰልፍ ላይ አንዱ ሚል ካርዱን ፍለጋ ኪሱን ሁሉ ሲበረብር ከኋላው ያለው ሁሉ እንደሚቆም፣ ያ ስልክ እስኪጨርስ የቀሩት ይጠብቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ በወቅቱ በነበረው ዋይፋይ አንድ ባለ 1 ሜጋቢት መሣሪያ ባለ 11 ሜጋቢቶቹን ሁሉ ወደ ራሱ ደረጃ እንደሚያወርዳቸው አሳይተዋል። አዳዲስ አንቴናዎች ጊዜን እኩል የሚያካፍሉበት መላ አላቸው። የኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ቻናሉ በጥንቃቄ ተመርጦ፣ ተጨማሪ አንቴና ሲተከል የሚጠቀመው ጫፍ ላይ ያለው ተማሪ ብቻ ሳይሆን አንቴናው ሥር የተቀመጠውም ነው።

ታዲያ ተማሪው በራሱ ገንዘብ ራውተር ቢገዛስ? አንደኛ፣ ብዙ ርካሽ ራውተሮች በሚሠሩበት 2.4 ጊጋኸርትዝ ሳይነካኩ ጎን ለጎን ሊሠሩ የሚችሉት ቻናሎች ሦስት ያህል ብቻ ናቸው። ጎረቤት ክፍሎች አምስት ራውተር ከሰቀሉ መደራረቡ አይቀሬ ነው። ሁለተኛው ጉዳት ይከፋል። አንድ ስልክ ኔትወርክ ውስጥ ሲገባ አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው ብሎ ለሁሉም ይጣራል። መመለስ ያለበት የግቢው ሰርቨር ነው። ይሁንና የግድግዳው ገመድ በተሳሳተ ቀዳዳ የተሰካበት ራውተር ጥሪውን ይሰማል፤ ብዙ ጊዜም ቅርብ ስለሆነ ቀድሞ ይመልሳል። የሚሰጠው አድራሻ የትም አያደርስም። ኔትወርኩ ይህን የሚከላከል ቅንብር ከሌለው፣ አንድ ተማሪ በቅንነት በሰካው ዕቃ የወለሉ ሰው ሁሉ ከኢንተርኔት ይቆራረጣል፤ ሰካሁ ባዩም ምን እንዳደረገ አያውቅም።

ከአየሩ ቀጥሎ ግቢውን ከዓለም የሚያገናኘው መስመር አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 በበርክሌይ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲና አጠገቡ ባለው የሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ መካከል፣ አራት መቶ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ የመረጃው ፍሰት በሴኮንድ ከ32 ሺህ ቢት ወደ 40 ቢት አሽቆለቆለ። ኮምፒውተሮቹ ጥቅል በጠፋባቸው ቁጥር ደግመው ይልኩ ስለነበር መጨናነቁ መጨናነቅን ወለደ። የዚያው ቤተ ሙከራ ተመራማሪ ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው መፍትሔ ላኪው ጥቅል ሲጠፋበት ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል። ዛሬም ኢንተርኔት በዚህ ትህትና ይኖራል።

ትህትናው ግን የሚቆጠረው በግንኙነት ነው፤ በሰው አይደለም። ትምህርታዊ ቪዲዮ የሚያይ ተማሪ አንድ ግንኙነት ቢከፍትና ጎረቤቱ በቶረንት ሃምሳ ቢከፍት፣ መስመሩ ለአንዱ አንድ ለሌላው ሃምሳ ድርሻ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሾን ፋኒንግ ናፕስተር የተባለውን የሙዚቃ መለዋወጫ ፕሮግራም ሲለቅ የአሜሪካ ዶርሞች ይህን በተግባር አዩት። የሙዚቃ ልውውጡ መስመሩን ሲያጣብበው ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ናፕስተርን ዘጋ፤ ተማሪዎችም ተቃወሙ።

እኔ በዚህ ጉዳይ ከተማሪዎቹ ጋር ነኝ። የቅጂ መብት ጥያቄው ራሱን የቻለ ሕግ አለው፤ የመጨናነቁን ችግር ግን ድረ ገጽ መዝጋት አይፈታውም። ዩቲዩብን የሚዘጋ ግቢ ከዘፈኑ ጋር የካልኩለስ ትምህርቱንም ይዘጋል። የተሻለው መንገድ ከቆየ ሐሳብ የመጣ ነው። የኔትወርክ ባለሙያው ጆን ኔግል እ.ኤ.አ. በ1985 ለእያንዳንዱ ላኪ የራሱ ሰልፍ ይኑረው፣ መስመሩም ከየሰልፉ በተራ አንዳንድ ጥቅል ይውሰድ አለ። በዚህ አሠራር ሃምሳ ግንኙነት የሚከፍተው ተማሪ የሚጨናነቀው በራሱ ሰልፍ ውስጥ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሌላው ሲተኛ ሙሉ መስመሩን ቢወስድ ማንንም አይጎዳም። ይህን ሐሳብ ያዳበሩ ፕሮግራሞች ዛሬ በሊኑክስ ውስጥ በነፃ ይገኛሉ። በተለይ እንደ አገራችን ብዙ ሺህ ተማሪ አንድ መስመር በሚጋራበት ግቢ፣ እገዳ ከመጨመር በፊት ሊሞከር የሚገባው ይህ ነው። ብዙ ተማሪ የሚፈልገውን የትምህርት ቪዲዮም አንዴ አውርዶ በግቢው ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ፣ ያው ተማሪዎች ድሮም በፍላሽ የሚያደርጉት ነው።

ስለ ፓስዎርዱ ክልከላ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ በተማሪው ስም የተከፈተ ግንኙነት በኔትወርኩ መዝገብ ላይ የሚታየው በእሱ ስም ነው፣ ጥፋት ሲፈጠርም መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። መዝገቡ ግን ምን ይይዛል? ገጾች ከሞላ ጎደል በምስጢር ቁልፍ ስለሚተላለፉ የኔትወርኩ ሠራተኛ የቴሌግራም ወሬ አያነብም። ይሁን እንጂ የትኛው መሣሪያ፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው አገልግሎት ጋር፣ ምን ያህል መረጃ እንደተለዋወጠ አብዛኛውን ጊዜ ማየት ይችላል። ከዚህ ብቻ ተማሪው መቼ እንደሚተኛና የትኛው ሕንፃ ውስጥ እንደሚውል ይታወቃል። ስለዚህ ተማሪው በሚፈርምበት ወረቀት ላይ ከክልከላዎቹ እኩል ሊጻፍ የሚገባው፣ ይህ መዝገብ ለስንት ቀን እንደሚቀመጥና ማን በምን ፈቃድ ሊከፍተው እንደሚችል ነው።