ዛፍ በዓመት፣ ጥንዚዛ በቀን

የደን ሲሙሌሽን ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ጃቦዋ ነው። ዳንኤል ቦትኪን ከአይቢኤም ባለሙያዎቹ ከጃናክና ከዋሊስ ጋር ሠርቶ በፈረንጆቹ 1972 ያሳተመው ይህ ፕሮግራም የተነሳው ከአሜሪካው ሃባርድ ብሩክ ደን ነው። አሥር ሜትር በአሥር ሜትር በሆነች ቁራሽ መሬት ላይ ያለ እያንዳንዱ ዛፍ በየዓመቱ ሒሳቡ ይሠራለታል፤ ግንዱ ምን ያህል ወፈረ? ረጃጅሞቹ ምን ያህል ብርሃን ከለከሉት? ሞት በዕጣ ነው፤ ዕድገቱ የቀጨጨ ዛፍ ግን ዕጣው ይከፋበታል። አንድ ግዙፍ ዛፍ ሲወድቅ በተከፈተው ብርሃን ችግኞች ይሽቀዳደማሉ። ኋላ ከመጡት ሞዴሎች ብዙዎቹ የጃቦዋ ልጆች ናቸው።

ነፍሳት ግን ለዚህ ዓመታዊ ስሌት አይመቹም። ችግሩን ፊት ለፊት የገጠሙት በካናዳ የስፕሩስ ዛፍን ለጋ ቅጠል የሚበላውን አባጨጓሬ ያጠኑት ሉድዊግ፣ ጆንስና ሆሊንግ ናቸው። በ1978 ባሳተሙት ሥራ ዝግተኛውን ደንና ፈጣኑን አባጨጓሬ ለየብቻ አስልተው አገናኟቸው። ደኑ ለጋ ሳለ ወፎች አባጨጓሬውን እየለቀሙ ቁጥሩን ይይዙታል። ቅጠሉ ሲበዛ ግን ፍለጋው ይከብዳቸዋል፤ አባጨጓሬው ያመልጣቸዋል፣ ወረርሽኙም ይፈነዳል። ከዚህ የሚከተለው ለደን አስተዳዳሪ መራራ ነው። የኒው ብሩንዝዊክ ግዛት ከ1952 ጀምሮ በአውሮፕላን ዲዲቲ ስትረጭ ያተረፈችው ቅጠል ለዚያው አባጨጓሬ ቀለብ ሆኖ ይቆይ ነበር።

በአውሮፓ ፈተናው ስፕሩስን የሚገድለው የቅርፊት ጥንዚዛ ነው። በ2007 በኦስትሪያ የቀረበው ፌኒፕስ የተባለ ሞዴል በቅርፊቱ ሥር ያለውን ሙቀት ይደምራል፤ ከ8.3 ዲግሪ በላይ ያለው በየቀኑ ተጠራቅሞ 557 ሲሞላ አንድ ትውልድ ይጠናቀቃል። ሞቃት ዓመት ሁለተኛ፣ አንዳንዴም ሦስተኛ ትውልድ ያስገኛል። ዛይድልና ራመር ይህን ስሌት አይላንድ ከተባለው የደን ሞዴላቸው ጋር አዋሃዱት። በዚያ ውስጥ ነፋስ የጣላቸው ግንዶች ጥንዚዛውን ያራባሉ፤ ድርቅ ያዳከማቸው ዛፎች ደግሞ በቂ ሙጫ አመንጭተው ሊከላከሉት ያቅታቸዋል።

ጉዳቱ በካርቦንም ይሰላል። በ2008 ቨርነር ኩርዝና ባልደረቦቹ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ለተንሰራፋው የፓይን ጥንዚዛ እንዲህ ያለ ስሌት ሠርተው፣ ጥፋቱ ከ2000 እስከ 2020 ድረስ 270 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ያህል እንደሚሆን ገመቱ። በእነሱ ስሌት ካርቦን ይሰበስብ የነበረው ደን ካርቦን ለቃቂ ሆኗል።

በእኔ እይታ የሞዴሎቹ ደካማ ጎን የወረርሽኙ መነሻ ነው። ጥንዚዛው ጥቂት በሆነበት ዘመን የሚቆጥረው ሰውም ጥቂት ነው፤ ፕሮግራሙ የሚመገበው መረጃ በአብዛኛው ደኑ መድረቅ ከጀመረ በኋላ የተሰበሰበ ነው።