ከሳሹ ማን ይሆናል?

በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ ለሚሠራ ኢትዮጵያዊ ጠበቃ፣ የመረዳጃ ማኅበራትን፣ የኪነት ጓዶችንና የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናትን መተዳደሪያ ደንብ መጻፍ የዘወትር ሥራው ነው። ደንበኞቼ ወደ እኔ ሲመጡ አስቀድመው የሚነግሩኝ የማኅበራቸውን ስምና ዓላማ ሲሆን፣ እኔ ደግሞ አስቀድሜ የምጠይቃቸው የቦርዱን አባል ማን እንደሚሾመው፣ ማን እንደሚሽረው፣ ሿሚውም አንድ ቀን ከሕግ ቢወጣ ተነሥቶ በዳኛ ፊት የሚቆመው ማን እንደ ሆነ ነው። አንድ አረጋዊ የክራር መምህር ይህን ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ገና ሳንመሠረት የምታጣላን ለምንድን ነው?» ብለውኛል። ጥያቄው ግን ከክፉ ምኞት የመጣ አይደለም።

በዚሁ ከተማ በፖቶማክ ወንዝ ዳር የቆመው የጆን ኤፍ. ኬኔዲ የኪነ ጥበባት ማዕከል (ቀኖቹንና ዓመታቱን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር እጽፋለሁ) በ1958 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በፈረሙት ሕግ የተመሠረተ፣ ኬኔዲም ከተገደሉ በኋላ በ1964 ኮንግሬስ በሕግ መታሰቢያነቱን ለእሳቸው ሰጥቶ በስማቸው የሰየመው፣ በ1971ም በሩን ለሕዝብ የከፈተ ነው። በመቋቋሚያ ሕጉ መሠረት 36 ባለአደራዎች በፕሬዚዳንቱ ለስድስት ዓመት የሚሾሙ ሲሆን፣ ሌሎች ደግሞ በያዙት የመንግሥት ሥልጣን ምክንያት ያለ ፕሬዚዳንቱ ሹመት በቦርዱ ይቀመጣሉ። በየካቲት 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከእሳቸው በፊት የነበሩት ፕሬዚዳንት የሾሟቸውን ባለአደራዎች ሽረው የራሳቸውን ሰዎች ተኩ፤ የተተካውም ቦርድ እሳቸውን ሊቀ መንበር አድርጎ መረጠ። በታኅሣሥ 18 ቀን የዚያው ዓመት ቦርዱ የፕሬዚዳንቱ ስም ከኬኔዲ ስም ቀድሞ እንዲጠራ ወሰነ፤ በማግስቱም ስሙ በሕንፃው ግድግዳ ላይ ወጣ። ከኦሃዮ የተመረጡት የኮንግሬስ አባል ወይዘሮ ጆይስ ቢቲ፣ በሥልጣናቸው ምክንያት የቦርዱ አባል ናቸውና፣ በአራተኛው ቀን ክሳቸውን ለፌዴራል ፍርድ ቤት አቀረቡ።

ብዙ ሰዎች የሚደነግጡት በሽረቱ ነው። ሕጉ ስድስት ዓመት ካለ፣ ስድስት ዓመቱ ሳይፈጸም እንዴት ይሻራሉ ይላሉ። እኔ ግን እንደ ሕግ ሰው መናገር የሚገባኝን ልናገር፤ የሾመ ይሽራል የሚለው ሥርዓት በዚህ አገር ፍርድ ቤቶች ከ1839 ጀምሮ የጸና ነው፤ የሥራ ዘመን መወሰኑም ሹመቱ ከዚያ በላይ እንዳይዘልቅ ይከለክላል እንጂ ሿሚው ቀደም ብሎ እንዳይሽር አያግደውም። በ2023 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህንኑ ሲያጸና፣ ሻሪው ፕሬዚዳንት ባይደን፣ የተሻረውም በፕሬዚዳንት ትራምፕ የተሾመ ሰው ነበረ። ስለዚህ ባለአደራዎቹን ለመጠበቅ የፈለገ ሕግ አውጪ፣ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይሻሩ በግልጽ መጻፍ ነበረበት፤ አልጻፈም። የስሙ ነገር ግን ሌላ ነው። ኮንግሬስ በሕግ የሰጠውን ስም ባለአደራ በድምፅ ብልጫ ሊለውጠው አይችልም፤ ከ1983 መጨረሻ ወዲህም በማዕከሉ የሕዝብ ስፍራዎች ሌላ መታሰቢያ እንዳይቆም ያው ሕግ በቃሉ ይከለክላል። ባለአደራ የተቀበለውን ይጠብቃል እንጂ የአደራውን ጽሑፍ አይጽፍም፤ በዚህ ላይ ሐሳቤ አይወላውልም።

ይሁን እንጂ እውነተኛው ችግር ከዚህ የጠለቀ ነው፤ እርሱንም ለማየት ወደ 1999 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት የኒው ዮርክ ከንቲባ ሩዶልፍ ጁሊያኒ፣ የብሩክሊን ሙዚየም ሊያሳየው ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ውስጥ የክሪስ ኦፊሊ የድንግል ማርያም ሥዕል የዝሆን እበት ስለ ተለጠፈበት፣ ዐውደ ርእዩ ካልተሰረዘ ከተማው በየዓመቱ የሚሰጠውን ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ገንዘብ እንደሚያስቀሩ አስታወቁ፤ የጥቅምትንም ክፍያ አስቀሩ፤ ሙዚየሙ በ1893 በተፈረመ የኪራይ ውል የሚገለገልበት ሕንፃ የከተማው ስለ ሆነ፣ ሕንፃውን እንዲለቅ በክፍለ ሀገሩ ፍርድ ቤት አስከሰሱት። ውዳሴ ማርያምን በልጅነቴ በቃሌ ያጠናሁ ሰው ነኝና፣ ስለዚያ ሥዕል የሰማሁ ቀን ልቤ አዝኗል፤ ዛሬም በቤቴ ግድግዳ ላይ አልሰቅለውም። ነገር ግን በኅዳር 1 ቀን ዳኛ ኒና ገርሾን የሰጡትን ጊዜያዊ እግድ ባነበብሁ ቍጥር በፍርዳቸው እስማማለሁ። ፍርዱም መንግሥት አንድን ሙዚየም በገንዘብ የመርዳት ግዴታ ባይኖርበትም እንኳ፣ መስጠት የጀመረውን በአንድ ሥዕል ሐሳብ ተቈጥቶ ለቅጣት ሊነፍገው አይችልም የሚል ነው። አንዱን ሥዕል በምእመን ኀዘን ምክንያት የሚያስወርድ ሥልጣን፣ ነገ የእኛን ቅዱሳት ሥዕላት በሌላው ኀዘን ምክንያት ለማስወረድ ምን ይከለክለዋል? ከጥቂት ወራት በኋላ በ2000 ከተማው ክሱን ትቶ፣ ገንዘቡን መልሶ፣ ለሕንፃው ማደሻም ተጨማሪ ሰጥቶ ታረቀ።

በብሩክሊን ከሳሹ ሙዚየሙ ራሱ ነበር። ሕንፃው የከተማው ቢሆንም ስብስቡ የተቋሙ ነበረና፣ ከንቲባውም ቦርዱን በአንድ ደብዳቤ ለመሻር ሥልጣን ስላልነበራቸው፣ ቦርዱ ተሰብስቦ ጠበቃ ሊቀጥር ቻለ። በዋሽንግተን ግን ሿሚውና ሊቀ መንበሩ አንድ ሰው በመሆናቸው፣ ማዕከሉ ስለ ገዛ ስሙ ቢበደል ጠበቃ የሚቀጥርለት አካል አልቀረለትም። አድማጩ፣ ሙዚቀኛው፣ ቲኬት የገዛው ሁሉ ቢያዝንም ዳኛው «አንተን በተለይ የጐዳህ ምንድን ነው?» ብሎ ይመልሰዋል። የኮንግሬስ አባል መሆንም ብቻውን አይበቃም፤ በ1997 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኮንግሬስ አባላት በተሸነፉበት ሕግ ላይ ያቀረቡትን ክስ ለመክሰስ የሚያበቃ የግል ጉዳት አላሳዩም ብሎ ዘግቷል። የወይዘሮ ቢቲ ክስ ጕልበት የሚያገኘው በባለአደራነታቸው ነው፤ ጓደኛው አደራውን ሲያፈርስ ያየ ባለአደራ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ የአደራ ሕግ ከጥንት ጀምሮ ይፈቅድለታልና። ይህን ወንበር ያገኙት በፕሬዚዳንቱ ፈቃድ ሳይሆን በሕጉ ቃል ስለ ሆነ፣ ፕሬዚዳንቱ ሊነሡአቸው አይችሉም። ያን መስመር የጻፈው ረቂቅ አዘጋጅ ማን እንደ ነበረ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ እኔ ግን በዚያ አዳራሽ ከዘመሩት ከብዙዎቹ ይልቅ ለጥበብ የዋለውን ውለታ አከብራለሁ።

ስለዚህ በምጽፈው ደንብ ሁሉ ቢያንስ ሁለት ወንበሮች ከሊቀ መንበሩም ከገንዘብ ሰጪውም እጅ ውጪ እንዲሆኑ፣ የእነርሱም ድምፅ በውስጥ ደንብ ሳይሆን፣ በጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ የመመሥረቻ ጽሑፉን በማሻሻል ብቻ እንዲነሣ አደርጋለሁ። ደንበኞቼ እስከዚህ ድረስ ይስማማሉ። የሚያከራክረን፣ ከእነዚያ ሁለት አባላት አንዱ በማኅበሩ ስም ቢከስ የጠበቃው ወጪ ከማኅበሩ ሣጥን ይከፈል ወይስ ከራሱ ኪስ የሚለው ነው፤ እኔ ክሱ በቅን ልቡና የቀረበ እንደ ሆነ፣ ቢረታም ባይረታም፣ ከሣጥኑ ይከፈል የሚለውን አንቀጽ ሳላስገባ ረቂቁን ለፊርማ አላቀርብም።