ሥነ ምግባር የፓተንትና የንግድ ምልክት ጥበቃን የሚገድብበት አግባብ

አንድ የመጠጥ ኩባንያ «ኾራን» የሚለው ስም የወይን ጠጁ የንግድ ምልክት ሆኖ እንዲመዘገብለት ለአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ አመለከተ። ቃሉ በአርመንኛ «መሠዊያ» ማለት ነው ሲልም ተከራከረ። ቢሮው ግን ስሙ ሲጠራ ወደ ሰሚው አእምሮ የሚመጣው የሙስሊሞች ቅዱስ መጽሐፍ እንደሆነ፣ ይህንንም በወይን ጠጅ ላይ ማዋል ሙስሊሞችን የሚያዋርድ መሆኑን ገልጾ ምዝገባውን ከለከለ። የይግባኝ ቦርዱም እ.ኤ.አ. በ2010 ክልከላውን አጸና። ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ፣ በ1938፣ በዚያው አገር «ማዶና» የተሰኘ የወይን ጠጅ ምልክት የክርስቲያኖችን ስሜት ስለሚያስቆጣ ተከልክሎ ነበር። ዛሬ ሁለቱ ውሳኔዎች የቆሙበት መሠረት ፈርሷል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 አዋራጅ ምልክቶችን፣ በ2019 ደግሞ ነውረኛ ምልክቶችን የሚከለክሉትን ድንጋጌዎች ከንግግር ነጻነት ጋር ይጋጫሉ ብሎ ሽሯቸዋል።

ጉዳዩን ለደረሶችና ለምእመናን ስናስረዳ በቅድሚያ ሊለይ የሚገባው ነጥብ አለ። ፓተንት ለባለመብቱ ሌሎችን የመከልከል ሥልጣን ይሰጠዋል እንጂ ፈጠራውን እንዲሠራበት ፈቃድ አይሰጠውም። የንግድ ምልክት ምዝገባም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ጥበቃ የተነፈገው ዕቃ ከገበያ አይወጣም፤ እንዲያውም ማንም ሊገለብጠው የሚችል ይሆናል። «ኾራን» የተከለከለው ኩባንያ መጠጡን በዚያው ስም ከመሸጥ የሚያግደው የምዝገባ ሕግ አልነበረም። በተቃራኒው፣ አንድ ዕቃ ተመዝግቧል ማለት መንግሥት ንጽሕናውን መሰከረለት ማለት አይደለም፤ ሐላልነቱንማ ጭራሽ አያመለክትም። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው ከሕጉ የማይገኝ ነገር ይጠብቃል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የ1883ቱ የፓሪስ ስምምነት ከሥነ ምግባር ወይም ከሕዝባዊ ሥርዓት ጋር የሚቃረን ምልክት እንዳይመዘገብ ይፈቅዳል። ከዓለም ንግድ ድርጅት ጋር የተያያዘው የ1994ቱ የትሪፕስ ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 27 ንኡስ አንቀጽ 2 ላይ አባል አገሮች በሥነ ምግባር ምክንያት ፓተንት እንዲነፍጉ መብት ሰጥቷቸዋል። ሆኖም ማሠሪያ አኑሮበታል፦ የአገሪቱ ሕግ ስለከለከለው ብቻ መንፈግ አይበቃም፤ ፈጠራው ለንግድ እንዳይውል ማድረጉ ሥነ ምግባርን ለመጠበቅ አስፈላጊ መሆን አለበት። የሳዑዲ ዓረቢያ የ2004 የፓተንት ሕግ ለንግድ መዋሉ ሸሪዓን የሚጥስ ፈጠራ ጥበቃ እንደማያገኝ በግልጽ ደንግጓል። በዚያች አገር የአልኮል መጠጥ ምልክትም አይመዘገብም። ይህ የኋለኛው የፓሪስ ስምምነት፣ የዕቃው ዓይነት ለምልክቱ ምዝገባ እንቅፋት አይሁን ከሚለው ድንጋጌው ጋር እንዴት እንደሚታረቅ የሕግ ሰዎችን የሚያከራክር ነው።

ለኛ ትኩረት የሚስበው የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ የተጓዘበት መንገድ ነው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለካንሰር ምርምር ስትባል በቀላሉ ዕጢ እንድታበቅል በዘረ መል ምሕንድስና ስለተለወጠች አይጥ ፓተንት ሲጠየቅ፣ የቢሮው መርማሪዎች የእንስሳቱን ሥቃይ በአንድ በኩል፣ ለሰው ልጅ የሚገኘውን የሕክምና ጥቅም በሌላ በኩል አድርገው መዘኑ። በ1992 ጥቅሙ አመዘነና ፓተንቱ ተሰጠ። የፀጉር መርገፍን ለማከም ይረዳል ተብሎ የቀረበ ተመሳሳይ ፈጠራ ግን በዚያው ሚዛን ወደቀ። የመስለሐንና የመፍሰዳን ምዘና በኡሱል አልፊቅህ ያስተማረ ኡስታዝ እዚህ ላይ እንግዳ ነገር አይገጥመውም፤ ልዩነቱ ሚዛኑን የሚይዘው ማን ነው፣ መነሻውስ ምንድን ነው በሚለው ላይ ነው።

አሜሪካውያን ከዚህ ርቀዋል። በ1817 ዳኛ ስቶሪ ለመልካም ሥነ ምግባር ጎጂ የሆነ ፈጠራ ፓተንት አይገባውም ብለው ነበር። በ1999 ግን አንድ ክርክር ቀረበ። ጉዳዩ ከፊት ለፊት በመስታወት ዕቃ የሚያምር ጭማቂ እያሳየ፣ ለገዢው የሚቀዳውን ግን ከውስጥ ሽሮፕና ውሃ ቀላቅሎ ስለሚሰጥ መሣሪያ ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ገዢውን ማሳሳቱ ፓተንቱን አያፈርሰውም፤ ማታለልን መከላከል የሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሥራ ነው አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ባገኙ ጊዜ ነጋዴውን እንዴት እንደገሠጹት በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበውን የሚያውቅ አንባቢ፣ የመሣሪያው አሠራር ያንኑ ክምር ያስታውሰዋል። እኛም የፍርድ ቤቱን የሥራ ክፍፍል ብንረዳም፣ ማታለያነቱ የታወቀን ዘዴ ለዓመታት በብቸኝነት እንዲሠራበት ማድረግ ለማታለሉ ዋጋ መስጠት ነው ብለን እናምናለን።

የፊቅህ ሊቃውንት የሚነሡት ከሌላ ጥያቄ ነው፦ ነገሩ ከመነሻው ንብረት ነውን? ሐነፊዎች «ማል ሙተቀዊም» የሚሉት በሸሪዓ ዋጋ ያለውን ንብረት ሲሆን፣ ኸምር በሙስሊም እጅ ከዚህ ውጪ ነው። ነገር ግን የዚሚውን ኸምር ያጠፋ ሰው በሐነፊዎች ዘንድ ካሳ ይከፍላል፤ በሻፊዒዎች ዘንድ አይከፍልም። ይህ ጥንታዊ ልዩነት፣ ሐራም ዕቃ የተለጠፈበት ምልክት ሊከበር ይገባዋልን ለሚለው የዘመናችን ጥያቄ ቅርብ ነው። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1409 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1988) በኩዌት ባደረገው አምስተኛ ጉባኤው፣ የንግድ ስም፣ የንግድ ምልክት፣ የድርሰትና የፈጠራ መብቶች በዘመኑ ዑርፍ የገንዘብ ዋጋ ያገኙ የባለቤታቸው መብቶች በመሆናቸው ሊደፈሩ አይገባም ሲል ወስኗል። መሸጣቸውም ሆነ መተላለፋቸው ከገረርና ከማታለል የጸዳ እንዲሆን አስገድዷል።

በአገራችን የፈጠራ ዐዋጅ ቁጥር 123/1987ም ሆነ የንግድ ምልክት ዐዋጅ ቁጥር 501/1998 ከሕዝብ ሥርዓትና ከሞራል ጋር የሚቃረነውን ከጥበቃ ውጪ አድርገዋል። «ሞራል» የማን ሞራል እንደሆነ ግን አልዘረዘሩም፤ ብዙ ሃይማኖት ባለበት አገር ይህ ቀላል ክፍተት አይደለም። የሃይማኖት ስም በማይገባው ዕቃ ላይ ሊመዘገብ ሲል የሚሰማ ኢማም፣ በኹጥባው ከመቆጣቱ በፊት ዐዋጁ የመቃወሚያ ሥርዓት እንዳለው ቢያውቅ ይጠቅመዋል። የታወቀ የጫማ ወይም የሽቶ ምልክት አስመስሎ ስለመሸጥ ሲጠየቅም፣ ባለቤቱ ሙስሊም አለመሆኑ መልሱን እንደማይለውጠው ከአካዳሚው ውሳኔ ያገኛል። አስቸጋሪው፣ ምልክቱ የቢራ ሆኖ አስመሳዩ ለአልባሳት ሲጠቀምበት ነው፤ በዚህ ላይ ከላይ የጠቀስነው የሁለቱ መዝሀቦች ልዩነት ዛሬም ይሠራል።