የመፍቻው አገር የት ነው?

«የጀርመን ነው» የሚለው ቃል መፍቻ ለሚሸጥ ሰው ግማሹን ሥራ ይሠራለታል፤ መርካቶም ቢሆን ገዢ ከዚያ በኋላ ብዙ አይከራከርም። ነገር ግን በዚህች አጭር ቃል ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ተጣብቀዋል። ድርጅቱ የየት አገር ነው? ዕቃውስ የት ተሠራ? በአንድ ወቅት የሁለቱ መልስ አንድ ነበር። ዛሬ ብዙ ጊዜ ይለያያል፤ ልዩነቱ ግን ሁልጊዜ የጥራት ጉድለት ማለት አይደለም።

ጀርመን ራሷ በዚህ ስም የጀመረችው በውርደት ነው። በ1876 በፊላደልፊያ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ከጀርመን ዳኞች አንዱ የነበረው መሐንዲስ ፍራንዝ ሮሎ፣ የአገሩ ዕቃ ርካሽና መናኛ መሆኑን ለአገሩ አንባቢ ሳይሸሽግ ጻፈ። የእንግሊዝ ነጋዴዎች ቅሬታ ደግሞ ሌላ ነበር፤ የጀርመኗ የዞሊንገን ከተማ ቢላ የእንግሊዟ የሼፊልድ ማኅተም እየተመታበት ይሸጥ ነበር። በ1887 የወጣው የእንግሊዝ የንግድ ምልክት ሕግ የእንግሊዝ መስሎ የሚገባ የውጭ ዕቃ ትክክለኛ አገሩ እንዲጻፍበት አስገደደ። «በጀርመን የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ ገዢን ለማስጠንቀቅ ነበር የታሰበው። ጥቂት አሥርት ዓመታት ሳያልፉ ገዢ ራሱ የሚፈልገው ጽሑፍ ሆኖ አረፈው።

ለዚህ ለውጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው በዉፐር ወንዝ ዙሪያ ያለ ትንሽ አካባቢ ነው። ዞሊንገን፣ ሬምሻይድና ዉፐርታል ጎን ለጎን የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። ዳገታማው ምድር ለእርሻ እምብዛም አይመችም፤ ወንዞቹ ግን የቀጥቃጩን መዶሻና የሞራጁን ድንጋይ ለማዞር በቂ ነበሩ፤ ለከሰል የሚሆን ደንም አልጠፋም። ዞሊንገን ስለትን ያዘች፤ ሬምሻይድና የዉፐርታሏ ክሮነንበርግ የእጅ መሣሪያን። ሃዜት በ1868 ሬምሻይድ ላይ ተቋቋመ። ክኒፔክስ በ1882 ክሮነንበርግ ላይ ተጀምሮ ዛሬም ፒንሳ የሚሠራው እዚያው ነው፤ ባለቤቱም ያው ቤተሰብ ነው። ጌዶሬ በ1919 ሦስት ወንድማማቾች ሬምሻይድ ላይ ያቋቋሙት ነው። ቀጥቃጩ፣ ቅርጽ አውጪው፣ ሞራጁና ብረት ነጋዴው በአንድ ሰፈር ሲኖሩ የአንዱ ስህተት በማግስቱ ለሌላው ይታወቃል። እንዲህ ያለው የተጠራቀመ ዕውቀት ማሽን በመግዛት ብቻ አይገኝም።

ጥራቱ ራሱ ከምን ይመጣል? እጀታው ላይ «ክሮም ቫናዲየም» ተብሎ መጻፉ ብዙ አያስረዳም፤ ይህ ጽሑፍ በእጅግ ርካሹም መፍቻ ላይ አለ። የብረቱ ዓይነት መነሻ ብቻ ነው። ዋናው ነገር እሳቱ ላይ ነው። ብረት ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል፤ እንደ ብርጭቆም ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ በመጠኑ እንደገና ይሞቃል፤ ከጥጥርነቱ ትንሽ ይለቅና መቻልን ያተርፋል። ሙቀቱ ከበዛ መፍቻው አፉ ይከፈታል፤ ካነሰ ይሰበራል። ያልተጠነቀቀ ፋብሪካ በሺህ የሚቆጠር መፍቻ በአንድ ምድጃ ሲያሞቅ ዳር ላይ ያለውና መሃል ላይ ያለው አንድ ዓይነት አይወጡም። የርካሽ ዕቃ ችግር ሁሉም መጥፎ መሆኑ ሳይሆን የትኛው ጥሩ እንደሆነ አለመታወቁ ነው።

ፒንሳ ላይ ሥራው ይከብዳል፤ አንዱ ዕቃ ሦስት ዓይነት ብረት መሆን አለበትና። የሚቆርጠው ጠርዝ በጣም የጠጠረ፣ እጀታው የሚለመጥ፣ መጋጠሚያው ደግሞ ሳይላላ የሚንቀሳቀስ መሆን ይገባዋል። ኮብራ የሚባለው የክኒፔክስ የቧንቧ ፒንሳ ጥርሶቹ ለብቻቸው ተጨማሪ ሙቀት አግኝተው ወደ 61 ሮክዌል ይደርሳሉ፤ ይህ ወደ ሞረድ ጥርስ የሚጠጋ ጥጥርነት ነው። የቀረው አካሉ ግን እንዲህ አልጠጠረም። በእኔ ግምት የዉፐርታል ፋብሪካዎች ከሌላው አውሮፓ በግልጽ ቀድመው የሚታዩት ፒንሳ ላይ ነው። ተራ መፍቻ ላይ ልዩነቱ በጣም ጠቧል፤ የስሎቬኒያው ዩኒዮር ዝሬቼ ላይ ለመኪና ፋብሪካዎች የሞተር ዘንግ የሚቀጠቅጥ ድርጅት ስለሆነ መፍቻ መቀጥቀጥ አይቸግረውም። ለእንጨት ሥራ መሮ የሚፈልግም የቼኩን ናሬክስ አይቶ ሊያልፍ አይገባም፤ ሼፊልድ በስሟ የምታስከፍለውን ያህል አያስከፍልም።

ወደ አገር ጥያቄ ስንመለስ ነገሩ ይጠላለፋል። ቬራ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዉፐርታል ነው፤ አብዛኛው ካቻቢቴው ግን የሚሠራው ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ቢስትርዢትሴ በምትባል ከተማ ባለው በራሱ ፋብሪካ ነው። ባህኮ የስዊድን ስም ነው። አፉ የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻን ዛሬ በምናውቀው ቅርጽ የፈጠረው የኤንሾፒንጉ ዮሃን ፔተር ዮሃንሶን ሲሆን የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው በ1892 ነው። በ1999 ድርጅቱን የአሜሪካው ስናፕ ኦን ገዛው፤ መፍቻው ደግሞ አሁን የሚመጣው ከስፔን ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ተታለልኩ ይላል። እኔ አልልም። ሰሜን ስፔን፣ በተለይ የባስክ ምድር፣ ብረት የሚቀጠቅጠው ከጥንት ጀምሮ ነው። የቬራም ጉዳይ ያው ነው፤ ምድጃውን የሚቆጣጠረው፣ ያልተስተካከለውን የሚጥለው ድርጅቱ ራሱ ነው። የሚያሳስበኝ ስሙን ብቻ ይዞ ከማያውቀው ፋብሪካ በጅምላ የሚገዛው ነው።

ሕጉም እንደየአገሩ ይለያያል። በአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ሕግ አንድ ዕቃ ከአንድ አገር በላይ ካለፈ አገሩ የመጨረሻው ወሳኝ ለውጥ የተደረገበት ነው፤ አገርን በዕቃው ላይ መጻፍ ደግሞ ለአብዛኛው ዕቃ ግዴታ አይደለም። ስዊዘርላንድ ጠንከር ትላለች። ከ2017 ጀምሮ አንድ የፋብሪካ ውጤት የስዊስ ለመባል ቢያንስ 60 በመቶ የማምረቻ ወጪው እዚያው መውጣት አለበት። ኤመንታል ውስጥ ያለው ፒቢ ስዊስ ቱልስ ካቻቢቴውን በዚህ ስም ይሸጣል፤ እያንዳንዱም የራሱ ቁጥር አለው። (ክላሲክ የሚባለው ቀይ እጀታው ቫኒላ ቫኒላ ይሸታል።) ዋጋው ለጋራዥ ሥራ ይከብዳል፤ ቀኑን ሙሉ ካቻቢቴ ከእጁ ለማይለየው ሰው ግን ያዋጣዋል።

ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ የአገሩ ስም ጭራሽ ሁለተኛ ነው። ባለ 1000 ቮልት ምልክት ያለው ፒንሳ በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት አንድ በአንድ ውኃ ውስጥ ገብቶ በ10,000 ቮልት መፈተን አለበት። ይህን ያለፈ ፒንሳ ከየትም ይምጣ ይሠራል፤ ምልክቱ በሐሰት የታተመበት ግን የጀርመን ባንዲራ ቢሣልበትም ሰው ይገድላል። የታወቀ ሻጭ መያዝ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ሌላውን ሱቅ ውስጥ ቆሞ ማየት ይቻላል። ፒንሳውን ገጥሞ ወደ ብርሃን መያዝ ነው፤ የሚቆርጡት ጠርዞች መሃል ብርሃን ካለፈ ቀጭን ሽቦ አይበጥስም። መፍቻውን አዲስ ዳዶ ላይ አስገብቶ ማወዛወዝ፤ ብዙ ከተጫወተ ዳዶውን ከማዕዘኑ እየላጠ ያከበዋል። የቀለበት መፍቻ ከሆነ ውስጡን ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል፤ ጥሩው ጥግ ጥጉ ላይ ትንሽ ክብ ተደርጎ ስለሚሠራ ጉልበቱ የሚያርፈው የዳዶው ጎን ላይ እንጂ ማዕዘኑ ላይ አይደለም። ከዚያ በኋላ እጀታው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይቻላል።